ምዕራፍ ሰባት፦ በአስፋልት የሚጀመር የበረዶ ሸርተቴ

የእስራኤሏ ከተማ ጋን ያቭኔ በረዶ አታውቅም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ይጥልባታል፤ ከዚያ ወዲያ በአሽዶድ በኩል ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ ሙቀት ሜዳውን ይይዘዋል። ምድሯ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይልም። በረዶ መርገጥ የፈለገ ሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሄርሞን ተራራ መድረስ አለበት። እዚያ ያለውም በሊፍት ወጥቶ ቁልቁል የሚወረድበት ሸርተቴ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምናወራው ስለ ሌላው ነው፦ ሊፍት ሳይጎትተው ሰው በገዛ እግሩና በገዛ ክንዱ ሜዳውንም ዳገቱንም ስለሚያቋርጥበት፣ ስለ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ።

ስለዚህ ስፖርት ሲወራ ጋን ያቭኔን ማንሳት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ፣ ከጎንደር፣ ከስሜን፣ ከወገራና ከትግራይ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ያድጋሉ። እነዚህ ልጆች በሩጫ የሚኮሩበት አርአያ አላቸው። በነሐሴ 2023 (በዚህ ምዕራፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) ቡዳፔስት ላይ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በማራቶን ለእስራኤል የብር ሜዳሊያ ያመጣው ማሩ ተፈሪ የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሙኒኩ የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ሁለተኛ፣ ጋሻው አየለ ሦስተኛ ሲወጡ የእስራኤል የማራቶን ቡድን ወርቅ ወስዷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ያለው ወጣት ስኪ (የመንሸራተቻው ሰሌዳ) ቢታሰርለት ወዲያው አይከንፍም? ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው። የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኞች የሚፈልጉት ትልቅ ልብና ትልቅ ሳንባ መሆኑም እውነት ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም ከተለካባቸው ስፖርተኞች መካከል አገር አቋራጭ ተንሸራታቾች ከፊት ይሰለፋሉ፤ እግርም፣ ክንድም፣ ሆድም፣ ጀርባም በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ውድድር ስለሆነ። ግን ትንፋሽ ብቻውን አይበቃም። ምን ያህል እንደማይበቃ የሁለት ምሥራቅ አፍሪካውያን ታሪክ ጥርት አድርጎ ያሳየናል።

የመጀመሪያው ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ነው። የ800 ሜትር ሯጭ ነበር፤ በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው የማይክ ቦይት ዘመድ ነው። አንድ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ኬንያዊ ሯጭ በረዶ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ወጪውን ችሎ በ1996 ወደ ፊንላንድ ወሰደው። ቦይት ከዚያ በፊት በረዶ አይቶ አያውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1998፣ ጃፓን ናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። ቦይት በ47 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ 92ኛ ሆኖ ገባ። ዴሊ ግን አልሄደም ነበር፤ የሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት እስኪዘገይ ድረስ በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት ኋላ ለልጁ ዴሊ የሚል ስም አወጣለት። ስለ ቦይት ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሳው ይህ መተቃቀፍ ነው፤ ይገባዋልም። ለመማር ለሚፈልግ ሰው ግን የሚጠቅመው ሰዓቱ ነው። ሯጭ የነበረ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በባለሙያ የሠለጠነ ሰው በ10 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ተቀድሟል።

ሁለተኛው የእኛው ሰው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። የተማረው ሌክ ፕላሲድ አካባቢ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ተራሮች ውስጥ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሌክ ፕላሲድ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች ከተማ ናት፤ በዚያ አገር ልጅ ስኪ የሚያስረው ወደ ውድድር ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ክረምቱን ለማሳለፍም ነው። ሮቤል እንዲህ ሆኖ ተማረ፤ ቆይቶም በኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ የስኪ ቡድን ውስጥ ተወዳደረ። ለአገሩ ለመሰለፍ ሲወስን ኢትዮጵያ የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ያለ ፌዴሬሽን ደግሞ ወደ ኦሊምፒክ የሚወስድ በር አይከፈትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፌዴሬሽኑን ራሱ አቋቋመ። አዲስ አበባ ላይ የሚለማመደው ጎማ ባላቸው አጫጭር ስኪዎች፣ በአስፋልት ላይ ነበር። መንገደኛው ቆሞ ሲያየው መገመት አያቅትም፤ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ይዞ በጎማ የሚንሸራተት ሰው በከተማችን አይለመድም።

የካቲት 2006፣ በቱሪኑ የክረምት ኦሊምፒክ፣ ፕራጌላቶ በምትባል የተራራ መንደር ሮቤል በ15 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ኤስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሮቤል ወደ 48 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ 83ኛ ሆነ። ፊሊፕ ቦይትም በዚያው ውድድር ነበር፤ ከሮቤል ኋላ ገባ።

ሁለቱን አስተያዩ። ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ሲቀደም፣ ሮቤል በ15 ኪሎ ሜትር የተቀደመው 10 ደቂቃ ያህል ነው። የናጋኖው ቀን እርጥብና ከባድ በረዶ የወረደበት ስለነበር ሰዓቶቹን እኩል መመዘን አይቻልም፤ ልዩነቱ ግን የአየር ጠባይ ብቻ ሊያመጣው ከሚችለው በላይ ሰፊ ነው። በሩጫ ቢወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ ማንም ይገምታል፤ ቦይት ነበር ሯጩ። ሮቤልን ያስቀደመው በልጅነቱ እግሩ ውስጥ የገባው ነገር ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ስኪውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

ለአገር አቋራጭ የሚሆን ስኪ ረጅም፣ ቀጭንና ቀላል ነው። ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ ያጋጠመ ሰው መሐላቸው ላይ ክፍተት ያያል፤ እያንዳንዱ እንደ ደጋን ጎብጧልና። ሚስጥሩ ሁሉ ያለው በዚህ ጉብጠት ውስጥ ነው። የሰውየው ክብደት በሁለቱ ስኪዎች ላይ እኩል ሲያርፍ የስኪው መሐል በረዶውን አይነካም፤ የሚነኩት የፊትና የኋላ ክፍሎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ልሙጥ ስለሆኑ ይንሸራተታሉ። ሙሉ ክብደቱን በአንዱ ስኪ ላይ ጥሎ በእግሩ ወደ ታች ሲጫን ግን ጉብጠቱ ይጠፋና መሐሉ በረዶውን ይነካል። መሐሉ ላይ ደግሞ የሚይዝ ነገር ተደርጎበታል፦ በጥንቱ ዘዴ ተጣባቂ ሰም ይቀባል፤ ዛሬ ለጀማሪ የሚሸጡት አብዛኞቹ ስኪዎች ወደ ፊት የሚለሰልስ፣ ወደ ኋላ የሚቆረቁር አጭር ጸጉር ያለው ጨርቅ ተለጥፎባቸዋል፤ ወይም ሆዳቸው ላይ ጥርስ ተቀርጾባቸዋል። ይህ ክፍል በረዶውን ሲይዝ ስኪው ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ያኔ ሰውየው እሱን ተደግፎ ራሱን ወደ ፊት ይገፋል። ወዲያው ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላው እግር አዛውሮ በዚያ ስኪ ላይ ይንሸራተታል።

እንግዲህ አንዱ ስኪ ይይዛል፣ ሌላው ይሄዳል፤ ይህ ይቀያየራል። ሁለቱን የሚለየው የክብደቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። ግማሽ ክብደት ሲጣልበት ስኪው በደንብ አይይዝም፤ ሲገፉት ወደ ኋላ ያመልጣል። ጀማሪ ሁሉ ዳገት ላይ ሲደርስ እግሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ባለበት የሚርመሰመሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሙ መጥፎ ነው፣ ስኪው አሮጌ ነው ይላል፤ ክብደቱ ግን ገና መሐል ቤት እንደቆመ ነው።

ሯጭን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በሩጫ አንድ እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ ሩብ ላነሰ ጊዜ ነው። ሯጭ ነክቶ ይነሳል፤ የረገጠው መሬትም ጽኑ ስለሆነ አይከዳውም። ተንሸራታች ግን በሚሄድ ነገር ላይ፣ በአንድ እግር፣ ሳይቸኩል መቆም አለበት። ተረከዙ በስኪው ላይ አልታሰረም፤ ጫማው የሚያያዘው በጣቶቹ በኩል ብቻ ነው። ሁለተኛው እግር ከኋላ በአየር ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ለስለስ ብለው፣ ዳሌ ከእግሩ በላይ ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ወደ ፊት እያየ፣ ስኪው እስኪዘገይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሯጩ አይጠብቅም፤ ሚዛኑ ስለሚያስፈራው ሌላውን እግሩን ቶሎ ያወርደዋል። በዚህም እያንዳንዱ እርምጃ በነጻ የሚሰጠውን መንሸራተት ይጥለዋል፤ በበረዶ ላይ ሲሮጥ፣ ሲደክም፣ ሲያልበው ይውላል። ጎበዝ ተንሸራታች ከሯጭ ይልቅ ዝግ ያለ የሚመስለው እርምጃው ረጅም ስለሆነ ነው። ልብ ካላችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ያርፋል።

ይህን ሚዛን ልጅ ሳይነገረው ይማረዋል። መውደቅ አያሳፍረውም፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ከትንሽ ከፍታ ነው የሚወድቀው። ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ሰውም ይማረዋል፤ ግን ይህንን እንጂ ትንፋሹን እንደማይለማመድ ቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ብርቱ ሯጭ የሆነ ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው ጉልበቱ ጥፋቱን ስለሚሸፍንለት ነው፤ ደካማው ቶሎ ደክሞ መንሸራተትን ለመፈለግ ይገደዳል።

አገር አቋራጭ ሸርተቴ ሁለት ስልት አለው። አንደኛው እስካሁን የተናገርንለት ክላሲክ ነው፤ ስኪዎቹ በረዶው ላይ በማሽን በተቆፈሩ ሁለት ትይዩ ቦዮች ውስጥ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ስኬቲንግ ነው፤ ስኪዎቹ ወደ ጎን ተከፍተው ተራ በተራ ይገፋሉ። ይህኛው የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው፤ አሜሪካዊው ቢል ኮች በዚህ ዓይነት እርምጃ በ1982 የዓለም ዋንጫ ካሸነፈ በኋላ ሌሎች ተከተሉት። ፍጥነቱ ስለበለጠ ክላሲክን እንዳያጠፋው ውድድሮቹ ተለያዩ። ስኬቲንግ ወጣቶችን ይስባል። እኔ ግን ለጀማሪ ክላሲክን እመርጣለሁ፤ ቦዩ ስኪውን ስለሚይዘው ሰው ሐሳቡን ሁሉ ሚዛኑ ላይ ማድረግ ይችላል፤ የመራመድ ጠባይ ስላለውም የደከመ ሰው እየተራመደ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ዘንግ ነው። ዘንግ የያዘ ጀማሪ በዘንጉ ይደገፋል፤ ሚዛኑንም አይማርም። እጁን ባዶ አድርጎ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ፣ መጀመሪያ ይራመዳል፤ ቀጥሎ ጥቂት እርምጃ ወስዶ በአንድ እግር እየተንሸራተተ እስኪቆም ይጠብቃል፤ ከዚያ በሌላው። ይህ አሰልቺ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርትም ይኸው ነው። ሁለተኛው ነገር አወዳደቅ ነው። ሚዛን ሲጠፋ ወደ ጎን ቁጭ ብሎ መውደቅ፤ ለመነሳት ሁለቱን ስኪዎች ትይዩ አድርጎ ከቁልቁለቱ በአግድም ማስቀመጥ፣ መጀመሪያ በጉልበት መንበርከክ፣ ከዚያ በአንድ እግር መቆም። ስኪዎቹ ወደ ቁልቁለቱ ካዩ ሰውየው ሳይነሳ ጉዞ ይጀምራሉ። ሦስተኛው ማቆም ነው፤ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ተረከዙን በመክፈት የሽብልቅ ቅርጽ መሥራትና የውስጠኛውን ጠርዝ መጫን። ዳገት ሲከብድ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ጫፎቹን ከፍቶ ተረከዙን አቀራርቦ ደረጃ እንደሚወጡ መውጣት። ዘንጉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ኋላ ነው። በውድድር ሕግ ለክላሲክ የሚፈቀደው ትልቁ የዘንግ ርዝመት የተወዳዳሪው ቁመት 83 በመቶ ነው፤ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው እስከ 141 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይይዛል። ለጀማሪም መለኪያው ከዚህ አይርቅም።

አሁን ወደ ጋን ያቭኔ እንመለስ፤ አስፋልት እንጂ በረዶ ወደሌላት ከተማ። ባለ ጎማ ስኪ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ አይደለም፤ የሰሜን አውሮፓ ተወዳዳሪዎች በረዶ በሌለበት ወራት ልምምድ እንዳያቋርጡ የተሠራ ነው። እነሱ ከዓመቱ ግማሹን በእሱ ላይ ያሳልፋሉ። ሜትር የማይሞላ ርዝመት አለው፤ ከፊትና ከኋላ ጎማ አለው፤ ጫማውና ማሰሪያው ግን ለበረዶው የሚያገለግለው ራሱ ነው። በክላሲኩ ዓይነት አንዱ ጎማ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ለግፊት የሚይዘው እሱ ነው። የጎማው ፍጥነት በደረጃ ይለያል፤ ጀማሪ ዘገምተኛውን ይግዛ። የዘንጉ ጫፍ አስፋልት የሚነክስ ሹል ብረት ይሁን።

በዚህ ረገድ የባሕሩ ዳር ሜዳ ከተራራ አገር ይሻላል። አብዛኛው ባለ ጎማ ስኪ ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ጀማሪ የሚቆመው ሣር ላይ በመውጣት ወይም በመውደቅ ነው፤ አስፋልት ደግሞ እንደ በረዶ አይራራም። የጋን ያቭኔና የያቭኔ ዙሪያ ግን ረባዳ ነው። መኪና የማይገባበት፣ ጠጠር የሌለበት የብስክሌት መንገድ ለጀማሪ ከምንም ይበልጣል። የራስ ቁር፣ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ሳያደርጉ አንድ እርምጃ መሄድ አይገባም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሰዓቱ ማለዳ ይሁን፤ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በዚያ ሜዳ ላይ መልፋት አደጋ ነው።

ባለ ጎማ ስኪ አንድ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ይህንን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በረዶ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ወደ ኋላ የማይዞረው ጎማ ምንጊዜም ይይዛል። ግማሽ ክብደት ቢጣልበትም፣ ግፊቱ ቢዘገይም፣ አይሸሽም። ስለዚህ ጥፋቱ ሳይታወቅ ልማድ ይሆናል። መፍትሔው ጎማው ላይም ቢሆን ከግፊቱ ይልቅ መንሸራተቱን መቁጠር ነው፤ በአንድ እግር ምን ያህል ሄድኩ ብሎ መጠየቅ። ሌላው መፍትሔ በሁለቱ ዘንጎች ብቻ፣ እግርን ሳያንቀሳቅሱ፣ ወገብን እያጎነበሱ መግፋት ነው። ሯጮች ክንዳቸውና ሆዳቸው የሚደክመው ቀድሞ ስለሆነ ይህ ልምምድ የጎደላቸውን ይሞላላቸዋል።

ከአሽዶድ በስተደቡብ ያለው የኒጻኒም የአሸዋ ክምርም ጥቅም አለው። ኖርዌያውያን በበጋ ዳገት ላይ ዘንግ ይዘው፣ ስኪ ሳያስሩ፣ በረዣዥም እርምጃ እየዘለሉ ይወጣሉ፤ ክንድና ተቃራኒው እግር አብረው እንዲሠሩ የሚያስተምር ልምምድ ነው። አሸዋ ላይ ሲሆን የግፊቱ ጊዜ ካለፈ እግር ወዲያው ይሰምጣል፤ ማለትም ጎማው የሚደብቀውን ጥፋት አሸዋው ይናገራል። የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ከተፈቀደው መንገድ አለመውጣት ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በረዶ ማየት የግድ ነው። ሄርሞን ለመጀመሪያው ትውውቅ ይበቃል፤ የበረዶውን ቅዝቃዜ፣ የጫማውን ክብደት፣ መውደቁን ለመልመድ። ለአገር አቋራጩ ግን ቦይ የተቆፈረለት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ከእስራኤል ለሚነሳ ሰው ቅርብ ከሚባሉት አንዱ ጆርጂያ ውስጥ ያለችው ባኩሪያኒ ናት። ከባድ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ መሄድ የአገራችን ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ይህ ስፖርት ያልባል፤ ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ልብስ ላቡን ይዞ ሲቆሙ ያበርዳል። ስስ የሱፍ ወይም ለስፖርት የተሠራ ልብስ፣ በላዩ ነፋስ የሚከለክል ቀጭን ጃኬት፣ ስስ ጓንትና ኮፍያ ይበቃሉ። ሲጀምሩ ትንሽ ሊበርድ ይገባል።

በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ስኪ የሚንሸራተተው ከሥሩ በሰበቃው የተነሳ እጅግ ቀጭን የውኃ ሽፋን ስለሚፈጠር ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ያ ሽፋን ያንሳል፤ በረዶውም እንደ አሸዋ ይይዛል። ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ ፈጣን ነው። ሰሙ በየቀኑ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው፤ ጨርቅ የተለጠፈበትን ስኪ የገዛ ጀማሪ ግን ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ይድናል።

ከስሜን የመጡ አያቶች የልጅ ልጃቸው በጎማ ስኪ ሲለማመድ ቢያዩት «ልጄ፣ በበረዶ ላይ ደግሞ ምን ፍለጋ?» ማለታቸው አይቀርም። ራስ ዳሽን ሥር ያደገ ሰው ከማለዳው ውርጭ የሚሸሸው እንጂ የሚፈልገው አይደለም። በስዊድንና በኖርዌይ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን በትምህርት ቤት ስኪ ያስራሉ፤ ለእነሱ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በስዊድን ከ1922 ጀምሮ የሚካሄደው ቫሳሎፔት 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዓለም የታወቁ አሸናፊዎች ከፊት ሲሄዱ ከኋላቸው የሠራተኛው፣ የአስተማሪው፣ የጡረተኛው ጎርፍ ይከተላል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ውድድሩ የሚያልቅባት ሞራ ከተማ መግባት ብቻ ነው። ጎልማሳ ጀማሪ ዓይኑን ማሳረፍ ያለበት በእነዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሮቤል ተክለማርያም በ2010 በቫንኩቨሩ ኦሊምፒክ እንደገና ባንዲራ ይዞ ገባ፤ በ15 ኪሎ ሜትር ስኬቲንግ 93ኛ ሆነ። በሶቺ በ2014፣ በፒዮንግቻንግ በ2018፣ በቤይጂንግ በ2022 ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ አልተሰለፈችም። አንድ ሰው ፌዴሬሽን አቋቁሞ፣ ራሱን አሠልጥኖ፣ ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሊሄድ የሚችለው እስከዚህ ነው። ከኋላው የሚመጡ ልጆች አልነበሩትም።

ስለዚህ ይህንን ምዕራፍ የምጽፈው በተለይ በጋን ያቭኔ፣ በገዴራ፣ በቂርያት ማላኪና በያቭኔ ላሉ የሩጫ አሠልጣኞችና የወጣት ማዕከል ኃላፊዎች ነው። ለአንድ ቡድን ልጆች ተራ በተራ የሚለማመዱባቸው ጥቂት ጥንድ ባለ ጎማ ስኪዎችና የራስ ቁሮች ግዙ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሯጮች አትጠብቁ፤ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆችን አምጡ፤ ማለዳ፣ በብስክሌቱ መንገድ ላይ፣ ያለ ዘንግ፣ በአንድ እግር መንሸራተት አስጀምሯቸው። ትንፋሹ አላቸው። ሚዛኑን አሁን ካልሰጣችኋቸው ግን በኋላ በብዙ ድካም ነው የሚያገኙት።